ጎመንዘር በጣና ዳር፦ ሰኔ ላይ መዝራት፣ ክሽክሹን ሳይበዛ መያዝ

ጎመንዘር መዝራት ከባድ አይደለም። ጭንቁ የሚመጣው መስከረም ላይ ነው፤ ማሳው ቢጫ ለብሶ አምሮ ሳለ፣ የአበባው ጫፍ ክሽክሽ (ጭማቂውን የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ወርሮት ድንገት አመድ የተነሰነሰበት ሲመስል። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ መድኃኒት ሱቅ ይሮጣል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ የመስከረሙ ክሽክሽ ጉዳይ በአብዛኛው ሰኔ ላይ ያለቀ ነው። በጊዜ የተዘራ፣ ያልተጨናነቀና በየሳምንቱ የሚታይ ጎመንዘር ብዙ ጊዜ ያለ ርጭት ይወጣል። ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ሜጫ፣ ደራ፣ ፎገራ ላላችሁና ዘንድሮ ጥማድም ሆነ ግማሽ ጥማድ ልሞክር ለምትሉ ከመጀመሪያው እስከ አውድማው ልንገራችሁ።

የትኛው ዘር?

ገበያ ላይ ሰናፍጭና ጎመንዘር ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የሰናፍጭ ፍሬ ደቀቅ ያለና ጠቆር ያለ ነው፤ በጾም የምንበላው የሚያቃጥለው ማባያ ከእሱ ይሠራል። ችግሩ ቆባው ሲደርቅ ቶሎ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ጎመንዘር ፍሬው ተለቅ ይላል፣ ተክሉም ጠንካራ ነው፣ ቆባው በቀላሉ አይረግፍም። የኛው የደጋ ሰብል ነው፤ መገኛው ኢትዮጵያ ነው። ቅጠሉ ሲለጋ ጎመን ሆኖ ይበላል፣ ፍሬው ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል፣ ዘይትም ይወጣዋል። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከዚሁ ተክል ዘይት በተሠራ ነዳጅ በርሯል። እኛ ጓሮ ጥግ ላይ ጣል የምናደርገው ሰብል ነው ይሄ፤ ትንሽ ክብር ይገባዋል። ስለዚህ ለእርሻ የምመክረው ጎመንዘርን ነው።

ዘር ስትመርጡ ከተቻለ የተሻሻለ ዝርያ ያዙ። ሆለታ-1 እና የሎ ዶዶላ ከቆዩትና ከታወቁት ናቸው። ለኛ አካባቢ የቱ እንደሚሻል ለማወቅ አዴት ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቁ፤ ከባሕር ዳር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ካልተገኘ የጎረቤት ዘርም ይሆናል፤ ግን ሳትፈትኑ አትዝሩ። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ በትኑና ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በአምስት ቀን ውስጥ 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው። ከ70 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

መሬቱ

ጎመንዘር ውሃ የሚተኛበት መሬት አይወድም። ይህን ለፎገራና ለደራ ሜዳ ሰዎች አጥብቄ ነው የምናገረው። ሩዝ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ ክረምት ላይ ጎመንዘርን ያበሰብሰዋል። ሥሩ አየር ሲያጣ ቅጠሉ መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፤ ሰው ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለውና ይጨምርበታል፣ ምንም ለውጥ የለም። ዋልካ መሬት ብቻ ካላችሁ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ በመሃል በመሃሉ ቦይ አውጡለት፤ ቦዩ ደግሞ መውጫ ይኑረው።

ቀይ አፈር ይስማማዋል። ግን የሜጫና የአካባቢው ቀይ አፈር ብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው፣ አሲዳማ የምንለው። ኮምጣጣ አፈር ላይ ፎስፈረሱ ይታሰርና ማዳበሪያው ለተክሉ አይደርሰውም። አፈራችሁን ለማስመርመር ዕድል ካገኛችሁ አታሳልፉት። ኖራ ያስፈልገዋል ከተባላችሁ ከመዝራቱ አንድ ወር ቀደም አድርጋችሁ በትኑና አብራችሁ እረሱት።

ከዚህ በፊት ምን ተዘርቶ ነበር? ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን ወይም ራሱ ጎመንዘር ከነበረ ሌላ መሬት ፈልጉ። እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ስለሆኑ አንዱን የሚበላ ተባይ ሌላውንም ይበላል፤ የአንዱ በሽታም አፈር ውስጥና ቅሪት ላይ ሆኖ ቀጣዩን ይጠብቃል። ጤፍ፣ ዳጉሳ ወይም በቆሎ የተነሳበት መሬት ምርጥ ነው። ወደዚያው መሬት ለመመለስ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይለፍ።

እርሻውን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ደጋግማችሁ አለስልሱት። የጎመንዘር ፍሬ ትንሽ ናት፣ ጓል ሥር ከገባች አትወጣም። ጓሉን ከስክሱ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እምቦጭን ብስባሽ አድርገው ማሳ የሚያስገቡ አሉ። ይሆናል፤ ግን ካበበ በኋላ የተለቀመ እምቦጭ ዘሩን ይዞ ይዞራል፣ ዘሩም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከማበቡ በፊት የወጣውን፣ ዳር ላይ በደንብ ደርቆ የተብላላውን ብቻ ተጠቀሙ። ትርፉንም ወደ ቦይ አትጣሉት።

መዝራት

ዝናቡ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ዝሩ። ለምን ቸኮልክ ትሉኝ ይሆናል። ጣና ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ጎመንዘር ከለመደው ደጋ ይሞቃል ማለት ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ተባይ ቶሎ ቶሎ ይራባል። ክሽክሽ የሚፈላው ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ነው። ሰኔ ላይ የተዘራው ያን ጊዜ ቆባውን ይዞ ጠንክሯል። ሐምሌ መጨረሻ የተዘራው ግን ለጋ አበባውን ይዞ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ልዩነቱን አንድ ቀበሌ ውስጥ በሁለት ማሳ ማየት ትችላላችሁ።

በመስመር ከሆነ በጥማድ (ሩብ ሄክታር ማለቴ ነው) ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ዘር ይበቃል። በብተና ከሆነ 2.5 ኪሎ። መስመሩን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አውጡ። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ አይበቅልም። ዘሩ ስለሚያንስ ከእጅ ይፈስሳል፣ አንድ ቦታ ይከመራል። ስለዚህ አንድ እጅ ዘር ከሦስት እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር አደባልቁትና በሦስት ጣት ቆንጥራችሁ አንጠባጥቡት። ስትሸፍኑ በእግር ገፋ ገፋ ማድረግ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ መጎተት በቂ ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ ለጎመንዘር ድኝ (ሰልፈር) ወሳኝ ነው። የሚያቃጥለው ጣዕሙም ዘይቱም ያለ ድኝ አይሆንም። ኤንፒኤስ ውስጥ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት (የፎስፈረስ ምንጭ)፣ 7 በመቶ ድኝ ስላለ ለዚህ ሰብል የተመቸ ነው። በጥማድ 25 ኪሎ ኤንፒኤስ ስትዘሩ ከመስመሩ ጎን ጨምሩ፤ ዘሩ ላይ አይረፍ። ዩሪያ 12 ኪሎ ገደማ፣ ከተዘራ ከአንድ ወር በኋላ ከአረም ቀጥሎ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ። ይህ መነሻ ነው፤ መሬታችሁን የሚያውቅ የቀበሌ ባለሙያ ከፍም ዝቅም ሊያደርገው ይችላል። ዩሪያ ግን አታብዙ። በዩሪያ የጠገበ ለስላሳ ቅጠል ለክሽክሽ የተዘረጋ ማዕድ ነው።

ማሳሳት፣ ማለትም ጎመን መብላት

1,000 ፍሬ ጎመንዘር የሚመዝነው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። 2.5 ኪሎ በጥማድ ከበተናችሁ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 280 ፍሬ ወደቀ ማለት ነው። በ30 በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢሰላ ግን አንድ ካሬ ሜትር የሚችለው 33 ያህል ተክል ነው። ሁሉም ባይበቅልም ትርፉ ብዙ ነው። ያን ትርፍ ካላነሳችሁት ተክሉ ይቀጥናል፣ ይጋደማል፣ ውስጡ ይታመቅና በሽታ ይገባዋል።

ስለዚህ ቡቃያው አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ማሳሳት ጀምሩ። በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ በየሳምንቱ እየነቀላችሁ ለቤት ጎመን አድርጉት፣ የተረፈውን እሰሩና ሽጡት። በተክሎች መሃል 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙ። ከቆመው ተክል ላይም የታች ቅጠል መቀንጠስ ይቻላል፣ ግን እምቡጥ ማውጣት ሲጀምር እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ የሚሠራው ለፍሬው ነው።

አረም በዚሁ ይያያዛል። የመጀመሪያው አረም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሳይዘገይ ይታረም። መጭ፣ ሰርዶ፣ እንግጫ፣ ሁሉም ይመጣል። ሁለተኛው ቅጠሉ መሬቱን ከመሸፈኑ በፊት። ከዚያ በኋላ ጎመንዘር ራሱ ያፍናቸዋል።

ተባይ፦ በየሳምንቱ ሄዳችሁ እዩ

ማሳ ዳር ቆሞ ማየት ማየት አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ገብታችሁ በዜድ ቅርጽ ተሻገሩት። 20 ተክል እየመረጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ፣ የጫፉን እምቡጥ፣ የግንዱን ሥር እዩ። ስንቱ ላይ ምን እንዳያችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ከነበረና ዛሬ ሦስት ከሆነ አትደንግጡ። ከሁለት ወደ ስምንት ከዘለለ ግን ሥራ አላችሁ።

ቡቃያው ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ነው፣ ስትነኩት እንደ ቁንጫ ይፈናጠራል። ቅጠሉን በመርፌ የተወጋ ያስመስለዋል። ዝናቡ ጥሩ ከሆነ ቡቃያው ያመልጠዋል፤ የሚያሰጋው ዝናብ ለአንድ ሳምንት ከተቋረጠ ነው። ሌላው ቆራጭ ትል ነው። ጠዋት ቡቃያው ከአፈሩ እኩል ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁ፣ ከተቆረጠው ሥር አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉት፤ ተጠቅልሎ የተኛ ወፍራም ጥቁር ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። ልቀሙት። ደጋግሞ የታረሰ መሬት ላይ ይሄ ትል ይቀንሳል፣ ወፉ ለቅሞ ይጨርሰዋልና።

አሁን ወደ ክሽክሹ። የጎመን ክሽክሽ አረንጓዴ ግራጫ ነው፣ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነጭ ዱቄት አለው። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፣ እንቁላል ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ልጅ ነው የምትወልደው፣ ልጆቿም በሳምንት ከምናምን ራሳቸው ይወልዳሉ። ለዚህ ነው ማክሰኞ አንድ ጫፍ ላይ ያያችሁት በሚቀጥለው ሳምንት ጥግ ሙሉ የሚሆነው። የሚጀምረው ሁልጊዜ ከዳር ነው፣ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ወይም ከአሮጌ ጥቅል ጎመን ማሳ አጠገብ። አንድ ተክል ላይ ጫፉ ላይ ይከማቻል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ አበባው ይደርቃል፣ ቆባው ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ስታዩት፣ ገና ዳር ላይ በጥቂት ተክል ሳለ፣ ጫፉን ቀንጥሱ። መሬት ላይ አትጣሉት፤ ፌስታል ውስጥ ክተቱና አውጥታችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን በዚህ ጊዜ የተቀነጠሱ 30 ጫፎች በኋላ አንድ ሙሉ ርጭት ያድናሉ።

ከመቀንጠሳችሁ በፊት ግን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከክሽክሾቹ መሃል ቡናማ፣ ድቡልቡል ብለው የተነፉ፣ የማይንቀሳቀሱ አሉ? እነዚያ ሞተዋል። በጣም ትንሽ የሆነች ጥቁር ተርብ እንቁላሏን እያንዳንዱ ውስጥ አስቀምጣ፣ ልጇ ከውስጥ በልቶታል። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ልጇ አድጋ ወጥታለች፣ አሁን ሌላ ክሽክሽ እየፈለገች ነው። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ክብ ጥንዚዛም ትገኛለች፤ እሷም ልጆቿም ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ይበላሉ። ልጇ ጥቁርና ረዘም ያለ ስለሆነ ሰው ጎጂ መስሎት ይገድለዋል። አትንኩት። ቡናማ የተነፉት እየበዙ ከሄዱ አንድ ሳምንት ታገሡ፣ ሥራው እየተሠራላችሁ ነው። ያን ጊዜ መርዝ ብትረጩ መጀመሪያ የሚያልቁት ረዳቶቻችሁ ናቸው፤ ክሽክሹ ግን በሁለት ሳምንት ይመለሳል፣ ያውም ጠላት በሌለበት።

ካልቀነሰ ሳሙና ሞክሩ። ክሽክሹ ሰም ስላለው ተራ ውሃ ይንሸራተትበታል፤ ሳሙና ነው ሰሙን አልፎ የሚገባው። በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና። ኦሞ አይሁን፣ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ አምስት ተክል ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ቆዩ። አመሻሽ ላይ፣ ክሽክሹ እስኪርስ ድረስ ርጩ፣ ያልነካው አይሞትም። በአምስት ቀን ድገሙት። የኒም ዛፍ ፍሬ ካገኛችሁም ፍሬውን ወቅጣችሁ 50 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፉት፣ አድሮ ይጠለል፣ ትንሽ ሳሙና ጨምሩበትና በዚያው ቀን ርጩት። ወዲያው አይገድልም፤ መብላትና መራባት ያስቆማል።

ሁለተኛው ትልቅ ተባይ ቀጭን አረንጓዴ ትል ነው፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስትነኩት ወደ ኋላ እየተወራጨ በክር ይንጠለጠላል። ቅጠሉን ከሥር ይበላና የላዩን ስስ ቆዳ ይተወዋል፤ ወደ ፀሐይ ብታነሱት እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋል። የእሳት እራት ልጅ ነው። ጥቅል ጎመን ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። መድኃኒት መላመድ የሚያህለው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ጃቫ (ኢንዶኔዥያ) ላይ ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ መቋቋሙ ታውቋል፣ ከሰብል ተባዮች ዲዲቲን በመቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት እሱን ማጠንከር ነው። ትሉን ብቻ የሚገድልና ንብ የማይነካ ቢቲ የሚባል ከባክቴሪያ የተሠራ መድኃኒት አለ። ገበያ ላይ ካገኛችሁ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ርጩት።

በሽታ

ነጭ ዋግ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ኖራ የተንጠባጠበ ይመስላል፣ አበባው ላይ ከወጣ ደግሞ ጫፉን አሳብጦ ያጣምመዋል። የተጣመመውን ቁረጡና አቃጥሉት። ክብ በክብ የሆነ ጥቁር ጠባሳ ቅጠልና ቆባ ላይ ካያችሁ ሌላ ሻጋታ ነው፤ የታመቀ ማሳና ረጅም ዝናብ ይወዳል። ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ በሦስት ማዕዘን የሚገባ ቢጫ፣ የቅጠሉ ደም ሥሮች የጠቆሩ ከሆነ ግን ባክቴሪያ ነው፣ በዘር ይተላለፋል፣ ርጭት አያድነውም። ከዚያ ማሳ ዘር አታስቀሩ። ለሦስቱም ያለው መላ ንጹሕ ዘር፣ ያልታመቀ ማሳና ማፈራረቅ ነው።

መርጨት ግድ ከሆነ

አንዳንዴ ይሆናል። ግን የት እንዳለን እናስብ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ ሁሉም መጨረሻቸው ጣና ነው፤ ከማሳችሁ የወረደው ቦይም እዚያው ይገባል። ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባለው ፀረ ተባይና ዘመዶቹ ለዓሣ እጅግ መርዛም ናቸው። ዳይሜቶኤት ደግሞ ለንብ። ሁለቱም በየሱቁ አሉ። ጎመንዘር ሲያብብ ንቡ እዚያው ነው፣ ጎረቤት ቀፎ ያለው ሰው ደግሞ ማሩን የሚቆርጠው ከዚያው ወቅት በኋላ ነው።

ስለዚህ አበባ ላይ አትርጩ። ግድ ካላችሁ ንቡ ከገባ በኋላ፣ ማታ፣ ለጎረቤታችሁ ከአንድ ቀን በፊት ነግራችሁ፣ የተጠቃውን ጥግ ብቻ። ከቦይና ከወንዝ ዳር ቢያንስ 20 ሜትር ራቁ። መርጫውን ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። መድኃኒቱን መለያ ጽሑፍ ካለው ከራሱ ዕቃ ግዙ፤ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ አትንኩ፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባዶ ጠርሙሱን ብሱትና ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡ። ከተረጨ ማሳ ደግሞ ጎመን አይቀነጠስም፤ መለያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለቤትም ለገበያም አይሁን።

ሜጫ ውስጥ ቆጋ መስኖ ላይ ላላችሁ አንድ ቃል፦ በበጋ ጎመንዘርን ለቅጠል አምርቱት እንጂ ለፍሬ አትድከሙ። ጥርና የካቲት ላይ ክሽክሹን የሚያጥብ ዝናብ የለም፣ አካባቢው ላይ ጥቅል ጎመንም አለ። በቅጠልነቱ ከዚያ በፊት ተነስቶ ያልቃል።

አጨዳና ማከማቸት

ማሳው ቢጫ ገለባ መስሎ፣ የታችኛውን ቆባ ስትከፍቱት ፍሬው ቀለሙን ይዞ ሲጠነክር እጨዱ። ሁሉም እስኪደርቅ አትጠብቁ። ጎመንዘር አይረግፍም ብንልም የሚችለው በልኩ ነው። ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሳ እጨዱ፣ ከዚያ ከምሩና ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ክምሩ ሥር ሸራ አንጥፉ፣ የሚንጠባጠበው ፍሬ ቀላል አይደለም። በዱላ ወቅታችሁ በነፋስ አንሱት። በደንብ ከተያዘ ጥማድ ሦስት አራት ኩንታል መጠበቅ ይቻላል።

ፍሬው ሲደርቅ በጥርስ ስትነክሱት ጠቅ ብሎ ይሰበራል፤ ከተዳጠ ገና ነው፣ መልሱት ፀሐይ ላይ። የቃጫ ጆንያ አይይዘውም፣ በቀዳዳው ያፈስሳል። የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ ቢደርቅም አትጠቀሙ፣ አዲስ ከረጢት ግዙለት፤ የሚበላ ነገር ነው። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። ቅዳሜ ገበያ በኩባያም በኪሎም ይሸጣል፤ የተበጠረውና አሸዋ የሌለበት የተሻለ ያወጣል፣ ምክንያቱም ምጣድ የሚያስሱ ሴቶች መዳፋቸው ላይ አሽተው ነው የሚገዙት። ተጨምቆ የቀረውን ፋጉሎ ለከብት በብዛት አትስጡ፣ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ይጎዳቸዋል።

የመጪውን ዓመት ዘር ከማሳው መሃል፣ ካልታመመና ቆባው ከበዛለት ተክል ለይታችሁ ለብቻው ውቁ። ቀሪውን አገዳ እዚያው አትተዉት፤ አንሱት። በዚያ መሬት ላይ ከርሞ ዳጉሳ ወይም ጤፍ ይግባ።